ሞተር የሚፈታ አለ፤ ቀመሩን የሚፈታስ?

የጄት ሞተር ያለ አየር ምንም ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። የቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበትም ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ወይ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፣ ወይ ጭነት ይቀንሳል።

ዓለም አሁን እንደ ሁኔታው ራሱን ወደሚለውጥ ሞተር እየሄደ ነው። የተለመደው ሞተር አየሩን በሁለት መንገድ ያሳልፋል፤ አንዱን በመሃል፣ ሌላውን በዙሪያ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች ሠርቶ የሞከረው ኤክስኤ100 ግን ሦስተኛ መንገድ አለው። ጉልበት ሲፈለግ ሌላ፣ ነዳጅ መቆጠብ ሲፈለግ ሌላ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ሞተር ብረቱ ከመቆረጡ በፊት በሒሳብ ይሠራል። ኮምፕረሰሩ የላከው አየርና የተጨመረው ነዳጅ ተርባይኑ ከሚያሳልፈው ጋር መመጣጠን አለበት። ተርባይኑ የሚሰጠው ጉልበትም ኮምፕረሰሩን ለማዞር መብቃት አለበት። ከፍታና ሙቀት በተለወጡ ቁጥር ኮምፒውተሩ እኩልታዎቹን እንደገና ይፈታል።

«ሞተር ለማትሠራ አገር ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ይጠቅማል። ቀመሩ አንድ ሞተር በቦሌ ከፍታ ሲነሳ የጭስ ማውጫው ምን ያህል መሞቅ እንዳለበት ይናገራል። የተለካው ሙቀት ከዚያ እየበለጠ ከሄደ የውስጥ አካል እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ የሰው ሕይወትም ዶላርም ያድናል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ ካፈራ ቆይቷል። የቀመሩ ሥራ ግን ሃንጋር አይጠይቅም። ኮምፒውተር፣ ካልኩለስና ጥሩ መምህር ካለ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና ወይም ቤቴል ባለ ክፍል ውስጥ መጀመር ይችላል።

ችግሩ ያለው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተማሪው ሒሳብን የሚያውቀው ለፈተና እንደሚሸመደድ ነገር ነው፤ ከቤቱ በላይ የሚያልፈው አውሮፕላን በዚያው ሒሳብ እንደሚበር የሚነግረው የለም።

አየር መንገዱና ዩኒቨርሲቲዎቹ የቦሌን ከፍታ ጥያቄ አድርገው ወደ ኮልፌ ትምህርት ቤቶች ይውሰዱት። በዚህች ከተማ ለሚማር ልጅ ከዚህ የቀረበ የሒሳብ ጥያቄ አይገኝም። መልሱን ሌላው ዓለም እስኪልክለት መጠበቅም የለበትም።