ከግጭ ዳገት ወደ ደባርቅ፦ ያልተለካው ጉልበት

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ ሲሰፍሩ ብዙ የተባለው ስለ ቤት፣ ስለ መሬትና ስለ ካሳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ሲያወጣም ይኸው ሰፈራ ከታዩት ለውጦች አንዱ ነበር። ብዙም ያልተነገረለት የሰፋሪዎቹ አካል ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገት ሲያርስ፣ ውኃና እንጨት ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው በከተማ ባጃጅ መሳፈር ሲጀምር ጡንቻው ምን ይሆናል?

በሬ ሥራ ሲፈታ ይሰባል፤ ጡንቻ ግን ይከሳል። የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። ጉዳቱ ሸክም በማቃት ብቻ አያበቃም። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ በመሆኑ፣ እርሱ ሲመነምንና ሥራ ሲፈታ ለስኳር በሽታ መንገድ ይከፈታል። አጥንትም ጫና ሲያጣ ይሳሳል፤ በስተርጅና አንድ ጊዜ መውደቅ ለወራት አልጋ ላይ ሊያውል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

“ገበሬ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል?” የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። እርሻ ልብንና እግርን ያበረታል። ሆኖም ጡንቻ የሚጎለብተው በሥራው ሰዓት ሳይሆን ከሥራው በኋላ ባለው ዕረፍት ነው፤ ጫናውም ቀስ በቀስ እየጨመረ መሄድ አለበት። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ገብስ ማጨድ፣ ወይም በየዕለቱ ጀሪካን በጀርባ ማዘል አንዱን የአካል ክፍል ያለ ዕረፍት ያደክማል፤ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። ከወገብና ከጉልበት ሕመም ጋር ዕድሜያቸውን የሚገፉ እናቶች በስንፍና የሚታሙ አይደሉም።

ሌላው ጉዳይ ገበታ ነው። የተጎዳ ጡንቻ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። በጾም ወቅት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ሸክሙ በባቄላ፣ በአተርና በምስር ላይ ይወድቃል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ እንጀራን ከሽሮ ጋር መብላት በሳይንስም የሚደገፍ ነው። ለማሳው ናይትሮጅን የሚመልሰው ባቄላ ሙሉ በሙሉ ገበያ ወጥቶ ቤተሰቡ በገብስ ብቻ ሲሰነብት ግን አራሹ ከማሳው ያነሰ እንክብካቤ አገኘ ማለት ነው።

ዕድሜ ሰበብ እንደማይሆን በቦስተን የተካሄደና እ.ኤ.አ በ1990 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆኑ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት በእግራቸው ክብደት ሲያነሡ ቆይተው የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከዕጥፍ በላይ ጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለዚህ የብረት ቤት ግድ አይደለም። ከበርጩማ ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ መነሣት፣ ግድግዳ መግፋት፣ ሁለት እኩል ጀሪካኖችን በግራና በቀኝ እጅ ይዞ መሄድ ይበቃል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር፤ ሲያነሣም ትንፋሹን አይያዝ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት ምርምር ማዕከል ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደትና ሞት ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። አንድ አረጋዊ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከመቀመጫው እንደሚነሣ መቁጠር በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የጉልበት መለኪያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ሊሠሩት ይችላሉ፤ የሚጠይቀው አንድ ወንበርና አንድ ሰዓት ነው። ቆጠራው ሊጀመርበት የሚገባው ቦታም ሩቅ አይደለም፤ ከግጭ የወረዱት አረጋውያን ያሉት እዚያው ደባርቅ ነው።