ለልጆቻችን ትርኢት ሙዚቃ ስለ መምረጥና ስለ መቁረጥ



እንደሚታወቀው ልጆቻችን ለእንቁጣጣሽ በሮለር ጫማ የሚያሳዩትን ትርኢት እየተለማመዱ ነው። የተሰጣቸው ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። ለዚህች 3 ደቂቃ እስካሁን 11 ዘፈን ቀርቦልናል። ሁሉም ቤት የየራሱን ይዞ መጣ። ማንም እንዳይቀየም ከሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ይግባ የሚለውም ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል።

እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ባለፈው እሑድ ልምምዱን ያየ ሰው ይፍረድ። ሙዚቃው በተቆረጠ ቁጥር ልጆቹ እግራቸው ይጠፋባቸዋል። በችክችካው እየሄዱ ሳለ ድንገት ሌላ ምት ይመጣባቸዋል፤ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይሮጣል። ሁለቱ ተጋጭተው ወድቀዋል። አስፋልት እኮ ነው!

ይህ ነገር በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱት ትልቅ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሳራዬቮ ኦሊምፒክ እንግሊዞቹ ጄን ቶርቪልና ክሪስቶፈር ዲን የራቬልን «ቦሌሮ» መረጡ። ሙዚቃው ሲሞላ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደንቡ የሚፈቅደው ግን ቢበዛ 4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነበር። አሳጥረው አሳጥረው 4 ደቂቃ ከ28 ላይ ደረሱ፤ ከዚያ በታች ዜማው የሚበላሽ ሆነ። ታዲያ ምን አደረጉ? ሰዓቱ ያኔ ይቆጠር የነበረው የጫማው ብረት በረዶውን ነክቶ መንሸራተት ሲጀመር ስለነበር፣ መጀመሪያ ላይ ተንበርክከው በእጅና በወገብ ብቻ ተወዛወዙ። ትርፉ 18 ሴኮንድ እንዲህ አለፈ። ዘጠኙም ዳኞች ለኪነ ጥበቡ ሙሉውን 6 ነጥብ ሰጧቸው። ቀስ ብሎ ተነሥቶ እየጋለ በሚሄደው በዚያ በአንዱ ዜማ ላይ ሌላ አልቀጠሉበትም።

የኛም አስተያየት ይኸው ነው፤ አንድ ዘፈን ይመረጥ። መቁረጥ ግድ ከሆነ አዝማቹ ካለቀ በኋላ ይሁን እንጂ ዘፋኙ ቃሉን ሳይጨርስ አይሁን። መጨረሻውም መብራት እንደጠፋ ዓይነት ጭጭ አይበል፤ ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው የሚቆሙበት ምት ያስፈልጋቸዋል። የማን ዘፈን ይሁን ለሚለው፣ የሚወድቁት እነሱ ስለሆኑ ልጆቹ ይምረጡ። የቀሩት 10 ዘፈኖች ሕዝቡ ሲሰበሰብና ቡና ሲጠጣ ሳይቆረጡ ይሰማሉ፤ ማንም ቅር አይበለው።

ምርጫው የፊታችን ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ በማኅበሩ ግቢ ይሆናል። ወላጆች መጥታችሁ መስማት ትችላላችሁ፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን ልጆቹ ብቻ ናቸው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት