ፕሮግራሙ አልጠፋም፤ ባትሪው ነው ያለቀው

ሪሞቱ አልሠራ ያለው ሾፌር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ፕሮግራሙ ጠፍቷል» የሚለውን ቃል ነው። አንዳንዴ የሚለው ጎረቤት ነው፣ አንዳንዴ ደላላ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ባለሙያ ራሱ ሲለው ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ይመጣል፣ አዲስ ቁልፍ ይታዘዛል፣ ሒሳቡ በሺዎች ይሆናል። ያለቀችው ግን የሰዓት ድንጋይ የምትመስል አንዲት ክብ ባትሪ ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ እሷን ሳይቀይር «ፕሮግራም» የሚል ባለሙያ ወይ አያውቅም ወይ አውቆ ነው።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ነገሩ ከኪስ አያልፍም። ፒያሳ ብቅ ብሎ ሰዓት ሠሪ ወይም ሞባይል ጠጋኝ መጠየቅ ይቻላል። ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ ግን ብርዱ ይጨመርበታል። ጎንደር 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2800 ትጠጋለች። ብርድ የባትሪን ጉልበት ያዳክማል፤ ቀን በፀሐይ ሲሠራ የዋለ ደካማ ባትሪ ሌሊት ውርጭ ሲመታው ዝም ይላል። ሾፌሩ ሊማሊሞን ለመውረድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በሩ እምቢ ይለዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቀው ራሱ ይከፈታል፤ ያኔ «መኪናዋ ዓመል አላት» ይባላል።

ዓመል የላትም። ባትሪ ያለቀበት የፋብሪካ ቁልፍ መኪና አያስቆምም። በሩ በብረቱ ቁልፍ ይከፈታል። በቁልፉ ውስጥ ያለችው ሞተር የምታስነሳው ቺፕ ደግሞ ኃይል የምታገኘው ከመኪናው ስለሆነ ባትሪ አትፈልግም። በአዝራር በሚነሱት ላይ ብረቱ ቁልፍ ሪሞቱ ሆድ ውስጥ ተደብቋል፤ መቆለፊያውን ገፋ አድርጎ መሳብ ነው። ከገቡ በኋላ ሪሞቱን ራሱን አዝራሩ ላይ አስጠግቶ ፍሬን ረግጦ ማስነሳት በብዙዎቹ ይሠራል፤ አንዳንዶቹ ቁልፉ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ አላቸው። አስቸጋሪው በኋላ ከገበያ ተገዝቶ የተገጠመው አላርም ነው። እሱ በብረት ቁልፍ ሲከፈት ሊጮህና ሞተሩንም ሊዘጋ ይችላል። የገጠመው ሰው የማጥፊያዋን ድብቅ አዝራር ያላሳየ እንደሆነ ሥራውን አልጨረሰም።

መቀየሩ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ስንጥቁ ላይ ማዞር፣ የመደመር ምልክቱ ወዴት እንደሚያይ ማስተዋል፣ አዲሱን በጠርዙ ይዞ ማስገባት። ቁጥሩ በላዩ ተጽፏል። ሲአር 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ነው። 2025 ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ነው፤ በ2032 ቦታ ሲገባ ይላላል፣ ከዚያ ወረቀት አጥፎ መጠቅጠቅ ይመጣል። የአላርም ሪሞት ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሌላ ነው፤ ትንሽ፣ ዱላ መሳይ፣ ባለ 12 ቮልት። በአብዛኞቹ መኪኖች ባትሪው ሲወጣ የቁልፉ ፕሮግራም አይጠፋም።

ይህን ሁሉ መንገር ያለበት ሻጩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው ብረት ቁልፋቸው የተደበቀ ነው። መመሪያው በቻይንኛ፣ የአሮጌው ቪትዝ በጃፓንኛ ከሆነ ለደባርቅ ሾፌር ምን ይጠቅመዋል? በሚሊዮን ብር መኪና የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ገጽ አማርኛ ማተም አያቅተውም።

በዚያች ገጽ ላይ ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት ግን የልጆች ነገር ነው። ይህች ባትሪ ልጅ ውጧት ጉሮሮ ውስጥ ከተሰካች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ማቃጠል ትችላለች። ሪሞት ማስነሳት ያቃታት «የሞተች» ባትሪም ለዚህ የሚበቃ ኃይል አላት። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱን ሰዓት መንገዱ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ «ይወጣል» ብሎ መጠበቅም፣ ማስታወክም የለም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። የወጣችው አሮጌ ባትሪም ሁለቱም ፊቷ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ መስኮት ላይ ወይም ዳሽቦርድ ላይ አይደለም።