«አማርኛውን የትም አያጣውም»

ለሦስት ዓመት ልጁ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ የአዲስ አበባ ወላጅ «ለምን?» ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አማርኛውን የትም አያጣውም፤ ቤት ውስጥ ይሰማዋል።»

ምኑን ነው የሚሰማው? ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ማታ ለልጁ የሚናገረው አማርኛ ቢቆጠር አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ና። ብላ። ተው። ጫማህን አውልቅ። አትንካ። ተኛ። በዚህ አማርኛ ልጅ መታዘዝን ይችላል፤ መተረክን ግን አይማርም። «አደፈጠ»፣ «አጮለቀ»፣ «ተንጠላጠለ» የሚሉ ቃላት እራት ላይ አይነሱም። የሚነሱት ድመቷ አልጋ ሥር ሆና አይጧን ስትጠብቅ የሚያሳይ ሥዕል ሲገለጥና ትልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እይ፣ እይ፣ አድፍጣለች!» ሲል ነው።

ውጤቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሱቅ ተልኮ «ሰባ አምስት ብር» ሲባል «እሱ በእንግሊዝኛ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ሞልቷል። ወላጁ ይስቃል። አንዳንዱማ ለጎረቤት በኩራት ያወራዋል።

የንባቡ ነገርም አለ። ለሕፃን ጮክ ብሎ ማንበብ ፊደል መጥራት አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ጅቡ ጅብ መምሰል አለበት፤ አንባቢው መሃል ላይ ቆም ብሎ መቀለድ፣ ልጁ ያቋረጠውን ጥያቄ ይዞ ሌላ መንገድ መሄድ፣ ተመልሶም ታሪኩን መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ ሰው የሚችለው በሚያልምበት ቋንቋ ነው። በቢሮ እንግሊዝኛው ቃል በቃል እየተጠነቀቀ የሚያነብ አባት ሦስት ገጽ ሳይሄድ ይደክመዋል፤ ልጁም ይሰለቻል። ከዚያ ስልኩ ይሰጠዋል። «ልጄ መጽሐፍ አይወድም» የሚለው ወሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የኤሪክ ካርልን መጽሐፍ እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመውን፣ በልቶ የማይጠግበውን አባ ጨጓሬ። ሰኞ አንድ ፖም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓርብ አምስት ብርቱካን ይቦረቡራል። ቅዳሜ ኬኩንም አይብውንም ሐብሐቡንም አግበስብሶ ሆዱን ያመዋል፤ በመጨረሻ ቢራቢሮ ይሆናል። በአማርኛ ለመንገር ከዚህ የሚቀል መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ቀኖቹ አሉ፣ ቁጥሩ አለ፣ ሆዳምነቱ አለ፣ ቁርጠቱ አለ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተነበበለት ልጅ ግን «ካተርፒላር»ን ያውቃል፤ ግቢው ውስጥ ቅጠል ላይ ያገኘው አባ ጨጓሬ መሆኑን አያውቅም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ማንንም አያስርም። ሥዕሉ ቋንቋ የለውም፤ ወላጁ ገጹን ገልጦ በራሱ አማርኛ ቢተርከው የሚከስሰው የለም።

«የአማርኛ መጽሐፍ የለም እኮ» የሚለው ሁለተኛው መልስ ከፊሉ እውነት ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጥቶ ነው የማሞ ቂሎን ተረት በባለቀለም ሥዕል፣ በሁለት ቋንቋ ያሳተመው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያው ትንሽ ሞልቷል። ችግሩ የሞላበት ነገር ነው። ግማሹ ሀ ሁ ነው። የቀረው «በመሆኑም» እና «ከዚህም የተነሳ» እያለ ለሕፃን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ መጨረሻ ላይም «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ብሎ ፈተና የሚያወጣ ነው። ልጅ ጥንቸሏ አንበሳውን ስትሸውደው ስቆ ሳይጨርስ ፈተና ላይ ይቀመጣል። አሳታሚዎች በዚህ ሊወቀሱ ይገባል።

ወላጁን ግን ይህም ነፃ አያወጣውም። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የተዘጋጁ የሥዕል ታሪኮች በነፃ ይገኛሉ፤ ካርቱን የሚያሳየው ስልክ እነሱንም ያሳያል። አባባ ተስፋዬስ ያን ሁሉ ዓመት ልጆችን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጡት በምን ነበር? በድምፃቸውና በፊታቸው አይደለም እንዴ?

«ቤትም በእንግሊዝኛ አናግሩት» የሚሉ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ክፍያቸው ስለከበደ ምክራቸውም የከበደ ይመስላል። በካናዳ የሠራው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚከራከረው ግን በተቃራኒው ነው፦ በአንድ ቋንቋ ማሰብንና መተረክን በደንብ የያዘ ልጅ ችሎታውን ይዞ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱ ቀኑን ሙሉ ያስተምረው፤ የሚከፈለውም ለዚያ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ሳሎን ጥግ የተቀመጡ አያት አሉ። የጦጣውንም የጅቡንም የአህያውንም ተረት ያውቃሉ። የልጅ ልጃቸው መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ግን «ይሄ የእናንተ ነው» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነዋል። መጽሐፉ ዛሬ ማታ ለእሳቸው ይሰጥ። መነጽራቸውን ያድርጉ፣ ልጁ ጭናቸው ላይ ይቀመጥ፣ «አንብቡለት» ሳይሆን «ሥዕሉን እያዩ ንገሩት» ይባሉ። አባትየውም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይስማ፤ የረሳው ቃል አይጠፋም።