ካርታ ሲወጣ የሚሞት ማህበር

ባለፈው ወር በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የመማሪያ ክፍል ሃያ አራት ሰዎች ተሰብስበን ነበር። አብዛኞቻችን መምህራን ነን፤ ጥቂት የጤና ባለሙያዎችና የአስተዳደር ሠራተኞችም አሉበት። የተሰበሰብነው የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማህበር ለመመሥረት ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ተነበበ። ደንቡ ከሌላ ማህበር የተገለበጠ ስለነበረ በሦስተኛው ገጽ ላይ የዚያኛው ማህበር ስም ሳይቀየር ቀርቷል፤ ሳቅን፣ በእስክሪብቶ ተሰረዘ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም እጄን አወጣሁና «ቦታውን ከተረከብን በኋላ ማህበሩ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢያችን በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ቀልድ የማይወዱ ሰው ናቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ዶክተር፣ ካርታው በየስማችን ከወጣ በኋላማ ማህበሩ ይፈርሳል እንጂ ምን ሥራ አለው?» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ በእኔ አለማወቅ ተገረመ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ መልስ ጋር የማደርገው ሙግት ነው። ሰብሳቢያችን አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም የነገሩን ትክክለኛ ትርጉም ነው የሰጡኝ። በአገራችን የቤት ማህበር የሚባለው መሬት ለመጠየቅ የሚሰለፍ ወረፋ ነው፤ ማህተም፣ ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና ዝግ ሂሳብ ያለው ወረፋ። ቦታው ሲገኝ በዕጣ ይበተናል። ማህበርተኛውም አጥሩን አጥሮ፣ በአጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ደርድሮ፣ ትናንት አብሮት የፈረመውን ሰው በመንገድ ሲያገኘው ኮፍያውን አንሥቶ ያልፋል። ማህበር የሚያስፈልገው ግን ገና ያኔ ነበር። ውኃውን በጋራ ማን ይሳበው? የክረምቱ ጎርፍ በማን ደጅ ይለፍ? ልጆቹ የት ይጫወቱ? ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከል? እነዚህ ጥያቄዎች በሚነሡበት ቀን መላሹ ፈርሷል።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታ ሰጪው አንድ ብቻ ሆነ። ሰጪው አንድ ሲሆን ተቀባዩ መሰለፉ ግድ ነውና «ማህበር» የሚለው ስም ለሰልፉ ተሰጠ። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ሊዝ መጣ፣ ኢሕአዴግም ሄደ፤ ሰልፉ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ዘመን ቢያንስ የቤትና ቁጠባ ባንክ የሚባል፣ ስሙም ሥራውም ቤት የሆነ ባንክ ነበረ። ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ሰልፈኛው ቀረ፣ አበዳሪው ጠፋ።

«ታዲያ ኮንዶሚኒየም አለ አይደል?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አለ። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ስከታተል አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የ20/80 ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ስለዚህ በወሬ አልናገርም።

በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረውን ይህን ሥራ የነደፉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ እንጀራ እንደሚጋግር፣ በግ እንደሚያርድ፣ በርበሬ እንደሚያሰጣ ያውቁ ነበርና በየሕንጻዎቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት አኖሩለት፤ ማረጃ፣ ማብሰያ፣ ልብስ ማጠቢያ። በእኔ ግቢ የነበረው የጋራ ቤት መጀመሪያ ተቆልፎ ከረመ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። ቀጥሎ ለአንድ ብረታ ብረት ሠሪ ተከራየ። እኔ ስወጣ የለስላሳ ሣጥን መጋዘን ሆኖ ነበር፤ ኪራዩን ማን እንደሚቀበል ጠይቄ መልስ ያላገኘሁት ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለፋሲካ በጉ የሚታረደው በደረጃው መታጠፊያ ላይ ነበር፤ ደሙን ለማጠብ ደግሞ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የጎረቤቴን እናት ሞት ነው። አስከሬኑ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርድ ሣጥኑ በደረጃው መታጠፊያ አልዞር ብሎ አቁመው አወረዱት። ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ድንኳኑ የተተከለው በመኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ አንድ መኪና ባለቤቱ አልነሣም ስላለ በድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ከለቅሶኛው ጋር ተቀመጠ። ድንኳኑንና ወንበሩን ያመጣው ማን ይመስላችኋል? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው የሕንጻው ባለቤቶች ማህበር? አይደለም። ቤተሰቡ በመልሶ ማልማት ከመነሣቱ በፊት ይኖርበት የነበረው የድሮ ሰፈሩ እድር ነው፤ ከተማውን አቋርጦ፣ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ሰፈሩ ፈርሷል፣ እድሩ ግን አልፈረሰም። ሕንጻው ቆሟል፣ ማህበሩ ግን በሦስት ጥሪ ምልዓተ ጉባኤ አላሟላም። አዋጁ የጋራ መጠቀሚያ ምን እንደሆነ ተርጉሟል፣ ባለቤቶች ማህበር እንዲያቋቁሙ፣ የጋራ ወጪውንም እንዲጋሩ አዝዟል። ነገር ግን ሰዎቹን ያገናኛቸው ዕጣ ነው፤ ግማሾቹ ባለዕጣዎች ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ፣ እንደ እኔ ያለው ተከራይ ደግሞ ደረጃውን ይጠርጋል እንጂ ድምፅ የለውም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወገን የጋራ ሀብት ያለው፣ እርስ በርሱ ያልተመራረጠ ሕዝብ አለ። በሌላው ወገን እንደ እኛ ያለ፣ በሥራ ባልደረብነትና በእቁብ የተዋወቀ፣ ተመራርጦ የተሰበሰበ ሰው አለ፤ እርሱ ደግሞ የጋራ የሚባል አንዲት ክንድ መሬት እንዳትቀረው ደንብ ያጸድቃል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሐሳብ ግን ከቢሮም ከምሁሩም (ከራሴም ጭምር) አልመጣም።

ለመሆኑ ይህ መበታተን ማንን ይጠቅማል? በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ450 ሺህ በላይ ሰው፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለቤት ተመዘገበ። ይህን የሚያህል ሕዝብ የተመዘገበው እንደ ቁጥር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፣ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ወጣ። ለዓመታት የቆጠበው ሰው ደስታውንም ስረዛውንም በቴሌቪዥን ነው የሰማው።

ወደ እኛው ደጋ ልመለስ። ይሰጣችኋል ተብሎ የሚወራልንን ቦታ ሄጄ አየሁት፤ ከከተማው ጠርዝ፣ ከጉና በሚወርደው ብርድ ፊት ለፊት የተዘረጋ የፋርጣ ገበሬ ማሳ ነው። ግማሹ ድንች ነው፣ ግማሹ ገብስ። ባለማሳው ሽማግሌ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ልጄ፣ ስንት ናችሁ?» አሉኝ። «ሃያ አራት ነን፣ አባቴ» አልኳቸው። «እኛ ሰባት ሆነን ነው የምንበላበት» አሉና ወደ ኩትኳቷቸው ተመለሱ።

ካሳ ይከፈላቸዋል፤ ሕግ አለ። በ1997ቱ የማስለቀቂያ አዋጅ የዓመት ገቢ አሥር እጥፍ የነበረው ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ ብሏል። መሻሻሉን አልክድም። ነገር ግን የአሥራ አምስት ዓመት ገቢ በአንድ ቀን ሲሰጥ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ በብራችን ዋጋ ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ይመስክር።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱልኝ። ሃያ አራት ሰው በነፍስ ወከፍ 150 ካሬ ሜትር ቢደርሰው፣ መንገዱን ሳይጨምር 3,600 ካሬ ሜትር ነው። እነዚሁ ሃያ አራት ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው 90 ካሬ ሜትር ሆነው፣ ከምድር ቤቱ ጋር በአምስት ወለል ቢደራረቡ ደረጃውንና መተላለፊያውን ጨምሮ 550 ካሬ ሜትር ግድም ይበቃቸዋል። ሌላው 3,000 ካሬ ሜትር ምን ይሁን? እኩሌታው የሽማግሌው ድንች ሆኖ ይቀር። በቀረው ላይ ለሠርግም ለለቅሶም የሚሆን አዳራሽ፣ የእንጀራ ማእድ ቤት፣ ማረጃ፣ የውኃ ታንከር፣ የሕፃናት መዋያ፣ የልጆቻችን ማጥኛ ክፍል ይሠራ። አንዳችንም ብቻችንን በ150 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ ልናኖራቸው የማንችላቸው ነገሮች ናቸው።

ይህን በስብሰባው ላይ ስናገር የተሰጠኝን መልስ ሳልደብቅ ላቅርብ፤ ጠንካራ መልስ ነውና። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ዶክተር፣ ጭቃ ቤት በደመወዝ ይሠራል፤ ፎቅ በደመወዝ አይሠራም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የግል ቦታ ያለው ሰው ዘንድሮ በባሕር ዛፍና በጭቃ አንድ ክፍል ሰርቪስ ያቆማል፣ ለከርሞ ሁለተኛውን ይቀጥላል፣ አንዱን ለተማሪ ያከራያል፣ ጡረታ ሲወጣ የሚበላው ያንን ነው። የኮንክሪት ሕንጻ ግን በቁርጥራጭ አይሠራም፤ ሲሚንቶውና ፌሮው መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው የሚሰቀል፣ ብድሩም የሌለ ነገር ነው። መንግሥት ራሱ ኮንዶሚኒየሙን ወደ ክልል ከተሞች ካወረደ በኋላ በ2002 ዓ.ም. ግድም ያቆመው የትንሽ ከተማ ሰው አቅም አልሸከም ስላለው ነበር። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፎርሙን ስሞላ በልቤ የነበረው ያችው ሰርቪስ ነበረች።

ሆኖም የሒሳብ ሠራተኛዋ መልስ ፎቁን ይመልሳል እንጂ ማህበሩን አይመልስም። ቤቱን ለየብቻ እንሥራ፣ እሺ፤ ማህበሩን ግን ለምን እንገድለዋለን?

በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ዳር በብሮንክስ፣ ኮ-ኦፕ ሲቲ የሚባል የኅብረት ሥራ መኖሪያ አለ። በረግረግ ላይ የተሠሩ 35 ረጃጅም ሕንጻዎች፣ 15,372 ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ገበያዎች፣ የራሱ የኃይል ማመንጫም አለው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ገነት ነው አልላችሁም፤ የግንባታ ጉድለቱ ብዙ ነበር፣ ወርኃዊ ክፍያውም ተደጋግሞ ናረ። በ1975 ግን አብዛኞቹ ነዋሪዎች ተማክረው ክፍያውን አቆሙ፤ ቼካቸውንም በጋራ ሰብስበው ያዙት። አድማው አሥራ ሦስት ወር ቆየ (አሥራ ሦስት ወር ያለው ዓመት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር)። በመጨረሻም አስተዳደሩን ከግዛቱ መንግሥት ጋር ተደራድረው በእጃቸው አስገቡ። የእኛ የየግቢው ጌቶች የውኃ ቆጣሪ ሲበላሽ እንኳ አንድ ማመልከቻ በጋራ መጻፍ አልሆነልንም።

«እሱ አሜሪካ ነው» ለሚለኝ፣ ከዚሁ ከእኛ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ያለችውን አውራ አምባን አሳየዋለሁ። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቻቸው በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት መንደር ናት። በደርግ ዘመን መጨረሻ ተሰደዱ፣ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃቸው፣ ሽመናና ወፍጮ ያዙ። ቤታቸው ዛሬም ጭቃ ነው፤ ከእኛ ሰርቪስ አይበልጥም። ነገር ግን የጋራ ቤተ መጻሕፍት አላቸው፣ የአረጋውያን መጦሪያ አላቸው፣ የሽመና አዳራሽ አላቸው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአቅመ ደካሞች የሚሠሩበት ሥርዓት አላቸው። በብዙ ነገር አልስማማቸውም። ሆኖም ሃያ አራት የተማሩ ሰዎች፣ ከመካከላችንም ሁለት ዶክተሮች እያለን፣ ሸማኔዎቹ ያላቸውን የማንበቢያ ክፍል የምንገነባበት ቦታ እንዳይኖረን በሙሉ ድምፅ ስናጸድቅ ያየ ሰው ምን ይላል?

አቅም የለንም የሚለውን ክርክር ስለተቀበልሁ ፎቁን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው። አንደኛው፦ ካርታ በየስማችን መውጣቱ ለማህበሩ መፍረስ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው፦ ከሃያ አራታችን ድርሻ ላይ ስድስት ስድስት ካሬ ሜትር ተቀንሶ፣ 144 ካሬ ሜትር የሆነች ሃያ አምስተኛ ቦታ በማህበሩ ስም ትቀመጥ፤ መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣሪያና ምሶሶ፣ ከዚያ የውኃ ታንከር፣ ከዚያ የደረስንበት።

ሰብሳቢያችን አጀንዳውን ይይዙልኛል፤ «ጊዜ ካለን» ብለዋል። እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ሦስት ድምፅ አለኝ፣ አንዱ የራሴ ነው። ሁለተኛው የአንዲት ነርስ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የዚያችው የሒሳብ ሠራተኛ።

ቸር እንሰንብት።