የሴኔጋል ወንዝ ዴልታ መታደስና የአካባቢው ሠርቶ አደር ሕዝብ

እንደሚታወቀው ተፈጥሮን ለሰው ልጅ ጥቅም ማዋል የዕድገት መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ለማን ነው? ጉዳቱንስ የሚሸከመው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚሠራ ግድብ ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው መርገምት ሊሆን ይችላል። ለዚህም በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘው የሴኔጋል ወንዝ ዴልታ ታሪክ ተጨባጭ ማስረጃ ነው።

ማሊ፣ ሞሪታንያና ሴኔጋል የወንዙን ሸለቆ በጋራ ለማልማት በ1972 (እ.ኤ.አ.) አንድ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ በሳህል አገሮች የደረሰው ድርቅ ሕዝቡን ክፉኛ አጎሳቁሎት ስለነበር ዓላማው ተገቢ ነበር። በዚሁ መሠረት የዲያማ ግድብ በወንዙ መጨረሻ አካባቢ በ1986፣ የማናንታሊ ግድብ ደግሞ በማሊ ግዛት በ1988 ተሠርተው ተፈጸሙ። የመጀመሪያው በበጋ ሽቅብ የሚገባውን የባሕር ውኃ አግዶ ለሩዝ እርሻ የሚውል ጨው አልባ ውኃ እንዲያቁር፣ ሁለተኛው የወንዙን ሙላት እንዲቆጣጠርና ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰቡ ነበሩ።

ነገር ግን ማሳው በሄክታር፣ ኃይሉ በኪሎዋት ሲቆጠር፣ ከዓመታዊው ሙላት ኑሮውን የሚገፋው የታችኛው ዴልታ ሕዝብ ድካምና ምርት በሚገባ ከሒሳብ አልገባም። በሞሪታንያ በኩል ከዲያማ በታች ያለው ረግረግ ሙላቱ ሲቀርበት ደረቀ፤ አፈሩም በጨው ተበላ። የዓሣ መራቢያው ጠፋ፤ አርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሹን አጣ፤ ሴቶች ምንጣፍ የሚሠሩበት ሣር መነመነ፤ ፍሬው ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ግራር በቁሙ ደረቀ። እንግዲህ የረግረጉ መድረቅ የወፎች መኖሪያ መጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ለዘመናት የቆየ የሥራ ክፍፍልም አብሮት ፈርሷል።

የሞሪታንያ መንግሥት በ1991 የ16,000 ሄክታር ስፋት ያለውን የዲያውሊንግ ብሔራዊ ፓርክ አቋቋመ። ከዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጋር በመተባበርም በወንዙ ዳር በተሠራው የአፈር ግድብ ላይ የውኃ በሮች ተከፍተው፣ ከ1994 ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሙላት ወደ ረግረጉ ይለቀቅ ጀመር። ክረምት ሲገባ ውኃው ቀስ በቀስ ይለቀቃል፤ ጨውን ያጥባል፤ ዓሣውን ያራባል፤ ሲሸሽም ሣሩን ያበቅላል። ዓሣ አስጋሪው፣ ከብት አርቢውና ምንጣፍ ሠሪዋ ከዚሁ ሙላት የሚሹት ጊዜና ጥልቀት ግን አንድ አይደለም። ስለሆነም የውኃው አለቃቀቅ ከነዋሪዎቹ ጋር በመመካከር ተወሰነ። የጉዳዩ እምብርትም ይኸው ነው።

ውጤቱ በቁጥር ይናገራል። በ1992 ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች የነበረው የዓሣ ምርት በ1998 ወደ 113,000 ኪሎ ግራም ከፍ አለ። በዚሁ ጊዜ 2,000 ያህል ብቻ ይቆጠሩ የነበሩት ወፎች ከ35,000 በላይ ሆኑ። በ2005ም ዩኔስኮ በሁለቱም የወንዙ ዳርቻዎች ያለውን ዴልታ የሞሪታንያና የሴኔጋል የጋራ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው።

ይህ ሲባል ግን ችግሩ ሁሉ ተወገደ ማለት አይደለም። ከግድቡ በላይ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ጨው አልባ በመሆኑ ፊላ ቦዮችን ዘግቷል፤ ቢልሃርዚያ ተዛምቷል። ወደ ረግረጉ የሚገባው ውኃም ከግድቡ በላይ በሚጠበቀው የውኃ ከፍታ ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም የተገኘው ድል በየዓመቱ ጥበቃና ጥገና ይሻል።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ዲያማን ማፍረስ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው የውኃውን አለቃቀቅ ለብዙኃኑ ጥቅም ማስተካከል ነበር። ሠራተኛውም ሆነ የቀበሌው ነዋሪ ስለ ማንኛውም የልማት ዕቅድ ሲወያይ «ምን ያህል ያመርታል?» ብሎ ብቻ ሊያበቃ አይገባም፤ «የማንን እንጀራ ይነካል? ባለጉዳዩስ ተጠይቋል ወይ?» ብሎም መጠየቅ አለበት። ልማት እውነተኛ የሚሆነው በወንዙ የሚኖረው ሕዝብ በወንዙ ጉዳይ ቃል ሲኖረው ነውና።