ቀኝ እግር ለሁሉም አይሆንም

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከምንማረው መካከል የቺርሊዲንግን ትርኢት ያላየ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ግን የኳስ ጨዋታ ማጣፈጫ አድርገን እንቆጥረዋለን። ይህ አስተያየት መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1898 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ተመልካቹን በጩኸት በመምራቱ የተጀመረው ነገር ዛሬ ልጃገረዶች በጓደኞቻቸው መዳፍ ላይ በአንድ እግር የሚቆሙበት፣ ወደ አየር ተወርውረው የሚሽከረከሩበት ስፖርት ሆኗል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ከላይ የምትወጣው ልጅ፣ ፍላየር የሚሏት፣ በየትኛው እግሯ ትቁም? ወደየትስ ትዙር? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?

ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ልማድ ነው። «ሁሉም በቀኝ ይቁም፣ ግራው ይነሣ» ይባላል። ለዚህም ምክንያት አለው። ሰልፉ አንድ ዓይነት ሲሆን ለዐይን ያምራል። ደግሞም ከታች ካሉት ተሸካሚዎች አንዷ ጣቷንና ተረከዟን፣ ሌላዋ የእግሯን መካከል ስለምትይዝ፣ እግር ሲለወጥ የሁሉም እጅ መለወጥ አለበት። ይህን አንክድም።

ነገር ግን እግር እንደ ደንብ ልብስ ለሁሉ በአንድ ልክ አይታደልም። የሚቆመው እግር ጽናት ይፈልጋል፤ የሚነሣው ግን መተጣጠፍ ይፈልጋል። ኳስ በቀኙ የሚመታ ሰው የሚቆመው በግራው መሆኑን ማን ያጣዋል? ስለዚህ «ቀኝ ጠንካራ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ልጅቱ በመሬት ላይ በየተራ በሁለቱም እግሮቿ ትቁም፤ ሌላውን እስከ ጆሮዋ ታንሣ። የትኛው ጉልበት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የትኛው ዳሌ እንደሚከፈት በጥቂት ደቂቃ ይታያል።

የመዞሩ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በአየር ላይ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ሰውነት የለመደውን ያደርጋል። በመሬት ላይ ስትገለባበጥ ወደ ግራ የምትዞርን ልጅ ከላይ ስትወርድ ወደ ቀኝ ዙሪ ማለት መካከል ላይ እንድትደናገር መፍረድ ነው። ከታች እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቋትም ክርኗ ከወዴት እንደሚመጣ ካላወቁ ፊታቸውን ይመታሉ።

በአገራችን ግራኝ ልጅ በቀኙ እንዲጽፍ ሲገደድ ያላየ ማን አለ? እዚያ ቢበዛ ጽሕፈቱ ይበላሻል፤ እዚህ ግን የሚሰበረው አንገት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2008 በተሰበሰበው መዝገብ፣ በሁለተኛ ደረጃና በኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ላይ በስፖርት ከደረሱት እጅግ ከባድ አደጋዎች ከግማሽ በላይ የቺርሊዲንግ ነበሩ። የአደጋው ሁሉ ምክንያት እግር መምረጥ ነው አንልም። ሆኖም መቀነስ የሚቻለውን አደጋ ለሰልፍ ማማር ሲባል መተው አይገባም።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ አሠልጣኙ ከማዘዙ በፊት ልጅቱን ይፈትን፤ ይጠይቅም። ሁለተኛ፣ የምትዞርበት አቅጣጫ በመሬትም በአየርም አንድ ይሁን። ሦስተኛ፣ በግራ የሚቆሙት ከበዙ በአንድ ወገን ይሰለፉ፤ ሰልፉ ያን ጊዜም ያምራል። አራተኛ፣ አንዴ የተስማሙበት ነገር ውድድር ሲቃረብ አይለወጥ።

በቡድን የገባችሁ እኅቶችም «በዚህኛው እግሬ አይሆንልኝም» ማለትን እንደ ድፍረት አትቁጠሩት። ከላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ፤ የምትወድቁትም እናንተ ናችሁ።